የጋሽ ውሃልክ ጉልበት እና የእትዬ ሙቀጫ እርድ

ጋሽ ውሃልክን እናትና አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው የመብራት ቢል ብቻ ነው። ሰፈሩም፣ ደንበኛውም፣ የሚስታቸው ዘመድ ሳይቀር ውሃልክ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሴራሚክ አንጣፊ ናቸው፤ ያቺ መሃሏ ላይ የአየር አረፋ የምትዋኝባት መለኪያ፣ ውሃ ልክ የምትባለው፣ ከኮታቸው ኪስ ጠፍታ አታውቅም። ሰው ቤት ሻይ ተጋብዘው ሲቀመጡ ስኳሩን ከማማሰላቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧትና "ይሄ ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል" ይላሉ። አንድ ጊዜ ሆስፒታል የተኛ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው፣ "እንዴት አደርክ" ከማለታቸው በፊት ከአልጋው እግር ሥር ካርቶን አጥፈው ሸጎጡ። ጎረቤትየው እንቅልፍ የወሰደኝ ከዚያ በኋላ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል፤ ሚስቱ ግን መርፌው ነው ትላለች።

ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በእግሩ ይሄዳል። ጋሽ ውሃልክ ግን ሥራው ጋ ከደረሱ በኋላ እግር የሚባል ነገር የላቸውም። ጠዋት ይንበረከካሉ፣ ለምሳ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይንበረከካሉ። እንዲህ እያሉ ሠላሳ አራት ዓመት። "ይሄ ሁሉ መንበርከክ ጸሎት ቢሆን ኖሮ እኔን የሚያክል ጻድቅ አይገኝም ነበር" ይሉ ነበር። ጉልበታቸው ግን ቀልድ ካቆመ ቆይቷል። መጀመሪያ ደረጃ ሲወርዱ ወጋ ማድረግ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሲወጡም። በመጨረሻ ከተቀመጡበት ሲነሱ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ አመጣ። ሕመሙንስ ችለውት ነበር፤ ያሳፈራቸው ያ ድምፅ ነው።

ስለዚህ መላ ዘየዱ። ሊነሱ ሲሉ ጮክ ብለው ይስላሉ፤ ሳሉ ቀጭታውን ይውጠዋል። መላው ሠራ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ሠራ። ቤተሰቡ ስለ ሳንባቸው መጨነቅ ጀመረ። ልጃቸው የሳል ሽሮፕ ይዛላቸው መጣች። ጋሽ ውሃልክም ጠዋትና ማታ አንዳንድ ማንኪያ ሽሮፕ ለጉልበታቸው ይጠጡ ጀመር።

ባለቤታቸው እትዬ ሙቀጫ ይባላሉ። እሳቸውም ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው፤ ማለዳ ሲወቅጡ የሚሰማው ድምፅ ለሰፈሩ ሰዓት ሆኖ ኖሯል። የኩሽናቸው መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር ጣሳ ነው። በእትዬ ሙቀጫ እምነት ኩሽና ውስጥ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ካለ ጥፋቱ የበሽታው ነው። ለሆድ ዝንጅብል፣ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ እርድ። እርዱን በሰሊጥ ዘይት ይለውሱታል፣ ቁንዶ በርበሬ ጣል ያደርጉበታል፣ ለብ ያደርጉትና የእጃቸውን አንጓ ያሹበታል። ከዚያ ሙቀጫውን ሲያነሱ ላያቸው የሃያ ዓመት ኮረዳ ይመስላሉ።

ጋሽ ውሃልክ ይሄን ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። "አንቺ እጅሽን ልትቀቢው ነው ወይስ ልትጠብሺው?" ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይብስባቸዋል። "እኔ ስሞት አስከሬኔን እንዳትሰጧት፤ ሾርባ ትሠራበታለች" ብለው ሰውን ያስቁበታል። እትዬ ሙቀጫ አይቆጡም። "ጉልበትህ አንድ ቀን ወደ እኔ ያመጣሃል" ብለው ወደ ጣሳቸው ይመለሳሉ።

ልጃቸው አንድ ናት፤ ፋርማሲስት ናት። ዩኒቨርሲቲ የገባችበትን ዓመት ጋሽ ውሃልክ ሲቆጥሩ "የሆቴሉን መታጠቢያ ቤቶች የሠራሁ ጊዜ" ይላሉ፤ የተመረቀችበትን ደግሞ "የጥርስ ሐኪሙ ደረጃ ያለቀ ለት"። በልጃቸው ትምህርት የማይኮሩበት ሰዓት የለም። ታዲያ እናት በጣሳ፣ ልጅ በብልቃጥ የሚያክሙበት ቤት ውስጥ ጋሽ ውሃልክ ሁልጊዜ ከብልቃጡ ጋር ነበሩ። ልጅቱ ለጉልበታቸው እንክብል ስትሰጣቸው በሰው ፊት ዋጡትና በሳምንቱ "ተአምር ነው! የልጄ መድኃኒት እንደ ጎረምሳ አደረገኝ" ብለው ለሰፈሩ አወሩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እንክብሉ ሆዳቸውን እንደ እሳት አቃጥሏቸው በሦስተኛው ቀን አቁመውታል። የተረፈውን መሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ከምስማሩ ጋር ደበቁት። ለሷ "አልተስማማኝም" ከማለት ጣታቸውን በመዶሻ ቢመቱ ይመርጣሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ተርተውታል መሰላችሁ፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ጠፋቸው።

በዚህ መሃል ልጅቱ የራሷን መድኃኒት ቤት ልትከፍት ቤት ተከራየች። መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ፊት ለፊቷ ሙሉ መስታወት፣ ከበሩ አጠገብ ባንኮኒ፣ ወለሏ ግን ገና ባዶ ሲሚንቶ። ልጅቱ እንደ ወረቀት ነጭ የሆነ ሴራሚክ መረጠች። ጋሽ ውሃልክ ሴራሚኩን በጥፍራቸው አንኳኩተው ድምፁን ሰሙና "እኔ ነኝ የማነጥፈው" አሉ።

"አባባ፣ ጉልበትህስ?"

"ጉልበቴን አንቺ አድነሽው የለ እንዴ?"

ልጅቱ ዓይናቸውን ትክ ብላ አየቻቸው። መድኃኒት ስትሸጥ የኖረች ሰው የትኛው የሐኪም ማዘዣ ተፍቆ እንደተጻፈ ታውቃለች። "እሺ፤ ግን ቃል ግባልኝ። ካመመህ በዚያው ቀን ትነግረኛለህ፤ እኔም ሌዘርን እጠራለሁ።"

ሌዘር ማለት ጋሽ ውሃልክ ዱሮ ሥራ ያስተማሩት ሰው ነው። ዛሬ ኮንትራክተር ሆኗል። በውሃ ልክ ፋንታ ግድግዳ ላይ ቀይ ብርሃን የምታሰምር መሣሪያ አለችው፤ መንበርከክም ትቶ ጎማ ባላት ጣውላ ላይ ተቀምጦ እየተንሸራተተ ይሠራል። ጋሽ ውሃልክን የሚያናድዳቸው ሰውየው ትሑት መሆኑ ነው። በመንገድ ባገኛቸው ቁጥር ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ የርስዎን እጅ የሚያህል እስካሁን አላየሁም" ይላቸዋል። ሥራው ቢበላሽ ወይ አፉ ቢከፋ እፎይ ባሉ ነበር፤ ሥራውም ጥሩ፣ አፉም ጥሩ። ለማን አቤት ይባላል?

ጋሽ ውሃልክ ቃል ገቡ። ይሄን ወለል ለሌዘር የማይሰጡበት ምክንያት ነበራቸው፤ ለማንም ግን ተናግረውት አያውቁም። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቤት ሲያነጥፉ፣ አንድ ጊዜ ካለቀ በኋላ በጫማቸው የቆሙበት ወለል የለም። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቶቹ "ጫማዎን በር ላይ" ይላሉ፤ እሳቸውም በካልሲ ገብተው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው፣ በካልሲ ይወጣሉ። ይሄ ግን የልጃቸው ወለል ነው። እዚህ ላይ ጫማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የሚገባውን ሰው እያዩ ሊቆሙ ነው። ከእንግዲህ ሌላ ትልቅ ሥራ እንደማይሠሩ ጉልበታቸው ነግሯቸዋል፤ ይቺን ግን በገዛ እጃቸው መጨረስ አለባቸው።

ሥራው ሰኞ ተጀመረ። ሰኞ ማታ ጉልበታቸው አብጦ ሱሪ አላስወልቅ አለ። ማክሰኞ ማለዳ እትዬ ሙቀጫ ገበያ ሲወጡ፣ ጋሽ ውሃልክ ከአልጋቸው ተነስተው፣ ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ ከልማድ ብዛት አንዴ ሳሉና ወደ ኩሽና ገቡ።

የእርዱ ጣሳ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ለጉልበታቸው መድኃኒት ሊያወርዱ በታመመ ጉልበታቸው በርጩማ ላይ ወጡ። ሠላሳ ዓመት እያሾፉ ሲያዩት የኖሩትን ነገር አንዱንም አልረሱትም፤ ዘይቱን ለኩ፣ ቁንዶ በርበሬውን ጣል አደረጉ፣ ለብ አደረጉት። አንድ ማንኪያ ያሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸው ግን ሲሚንቶ ለዋሽ ናቸውና አራት አደረጉት። ሁለቱን ጉልበታቸውን እንደ ግድግዳ ለሰኑና በፌስታል ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ ጫፉ የተቆረጠ አሮጌ ካልሲ አጠለቁበት።

እውነት ለመናገር ተሻላቸው። ሙቀቱ ይሁን፣ ዘይቱ ይሁን፣ ሲያሹት ደሙ ተንቀሳቅሶ ይሁን፣ እሱን የሚያውቅ ይወቀው። ጋሽ ውሃልክ ግን ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሳይስሉ ተነሱ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የከፋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማንም ማውራት አይችሉም። ለሚስታቸው ቢነግሩ ሠላሳ ዓመት የሳቁባት ሳቅ በአንድ ቀን ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ለልጃቸው ቢነግሩ ደግሞ የፋርማሲስቷ አባት በኩሽና ቅመም እየታከመ ነው፤ ያውም እንክብሏን ጥሎ፤ ያውም የመድኃኒት ቤቷን ወለል እየሠራ። ተሽሏቸው እንኳ ዝም ማለት ግድ ሆነባቸው፤ ለእንደሳቸው ላለ አፈኛ ይሄ ከጉልበቱ ይብሳል።

ጣሳው ግን ዝም አላለም። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ሙቀጫ ክዳኑን ከፍተው ቆሙ።

"እንዴ! ይሄን እርድ ማን ነው የሚበላው?"

"አይጥ ይሆናላ" አሉ ጋሽ ውሃልክ ዳቧቸውን እያኘኩ።

"እርድ የሚበላ አይጥ የት አይተህ ታውቃለህ?"

"ጉልበቱን ያመመው አይጥ ይሆናል።"

ይሄን ያሉት ቀልድ መስሏቸው ነው፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ግን ዓይናቸውን ወደ ሻያቸው ሰደዱ። እትዬ ሙቀጫ ጣሳውን ከድነው ወደ ቦታው መለሱት። ማታ ግን ባላቸው ሲገቡ አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ።

"ሾርባ ሾርባ ትሸተኛለህ።"

"ምሳ የበላሁበት ቤት ነው።"

"ምሳ ቋጥሬልህ የለ እንዴ? የኔ ምግብ ሰለቸህ?"

እንግዲህ አንዱን ውሸት ለመሸፈን ሌላ ውሸት፣ እሱን ለመሸፈን ደግሞ ሦስተኛ። ጋሽ ውሃልክ ያን ምሽት ያልበሉትን የምግብ ቤት ምሳ ሲያማርሩ፣ ጨው የበዛበት ነው፣ ያንቺን አያክልም ሲሉ አመሹ።

ሐሙስ ዕለት ሴራሚኩ ሁሉ ተነጥፎ፣ በመሃል በመሃሉ ያለውን ክፍተት በነጭ መሙያ መሙላት ብቻ ቀረ። ይሄ ደግሞ የሥራው ሁሉ ጉልበት ጨራሽ ነው፤ ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ባንኮኒው እያፈገፈጉ፣ ረድፍ በረድፍ፣ መሙያውን በላስቲክ እየገፉ ማስገባት። ጋሽ ውሃልክ ያን ቀን እርዱን ከወትሮው አበዙት፤ ፌስታሉን ግን ሚስታቸው ሳይነሱ ለመውጣት ሲጣደፉ ላላ አድርገው አሰሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መስታወቱ አቧራ እንዳይገባ በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ከጣሪያው የተንጠለጠለ አንድ አሮጌ አምፖል ነው፤ እሱም ቢጫ ነው። በቢጫ መብራት ሥር ሁሉ ነገር ቢጫ ነው፤ ምን ጠፍቶ ምን ይታያል?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሠሩ። አራት ረድፍ ሲቀራቸው ባልዲውን ሊቀይሩ ሊነሱ አሉ። ሳሉ። ጉልበታቸው አልሰማም። እንደገና ሳሉ፤ ጉልበታቸው ከወገባቸው በታች የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ። ክፍሉ መሃል ላይ ናቸው፤ ከአየር በቀር የሚይዙት ነገር የለም። ሰው እንዳይጠሩ፣ የሚጠሩት ሰው ሁሉ ለልጃቸው የሚነግር ነው። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ጋሽ ውሃልክ ሠላሳ አራት ዓመት ያላደረጉትን አደረጉ፤ በመዳፋቸውና በጉልበታቸው አራቱን ረድፍ ዳዴ ብለው ባንኮኒው ጋ ደረሱ። የባንኮኒውን ጠርዝ ይዘው ተንጠላጥለው ቆሙ። ለራሳቸው "ነገ አራት ረድፍ ናት፤ ምን አላት" አሉ። ቤታቸው ገብተው "እንዴት ዋልክ?" ሲባሉ "በጣም ደህና" ብለው መለሱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ዓርብ ማለዳ ሁለቱ ቁርስ ላይ እያሉ የእትዬ ሙቀጫ ስልክ ጮኸ። ልጅቱ ነበረች፤ ከመጮኋ ብዛት ጋሽ ውሃልክ ከጠረጴዛው ማዶ ይሰሟታል።

"እማዬ፣ አባባ የት ነው? ደህና ነው? ወለሉ ላይ ደም አለ! ከዳር እስከ ዳር ደም ነው!"

እትዬ ሙቀጫ ባላቸውን ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው አዩ። "ደም የለበትም" አሉ። "ማርማላታ ነው ያለበት። ዳቦ እየበላ ነው።"

ጋሽ ውሃልክ ግን ዳቦውን አስቀመጡ። ደም? የምን ደም? ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ግን ዓይናቸው ወደ ጉልበታቸው ወረደ። እትዬ ሙቀጫ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ተነሱ፤ ሁለቱ ተያይዘው ወጡ።

ሲደርሱ ልጅቱ ጋዜጣውን ከመስታወቱ ላይ ገሽልጣ ጥላዋለች። የጠዋት ፀሐይ እንዳለ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጋሽ ውሃልክ የገዛ ሥራቸውን በቀን ብርሃን ያዩት ያኔ ነው። በነጩ ሴራሚክ ላይ የሻይ ሰሐን የሚያካክሉ ክብ ክብ ቢጫ እድፎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከግድግዳው ጀምረው ተሰልፈዋል። እድፉ እንኳ ቀጥ ብሎ በመስመር ነው፤ የአንዱ ከአንዱ ርቀት ተለክቶ የተቀመጠ ይመስላል። ነጩ መሙያ ባለበት ስንጥቅ ሁሉ ላይ ግን ቢጫው ሌሊቱን ወደ ቀይ ተለውጦ፣ እውነትም ደም መስሏል።

ልጅቱ አሁን አትጮህም። በእጇ እርጥብ ጥጥ ይዛለች፤ ጥጡም ቢጫ ነው።

"እርድ ነው" አለች። "ሲሚንቶ ሲነካው ይቀላል። ሳሙናም ቢነካው ይቀላል። አንደኛ ዓመት ላይ እርድ በተቀባ ወረቀት አስመርምረውናል። አባባ፣ አንተ ደግሞ በጉልበትህ መረመርከው።"

እትዬ ሙቀጫ ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው ነኩና አሸተቱት።

"የኔ እርድ ነው!" አሉ። "አይጡ ይኸውና! ቆሞ ያየኛል!"

"እኔ..." አሉ ጋሽ ውሃልክ።

"ቁንዶ በርበሬም አብዝተህበታል። ዘይቱንም አብዝተሃል። ሠላሳ ዓመት ስትሳለቅብኝ ኖረህ፣ ስትሰርቀኝ እንኳ አስተካክለህ አትሰርቀኝም? ብትጠይቀኝ እኔው አሽልህ አልነበር?"

"እማዬ፣ ቆይ" አለች ልጅቱ። "እንክብሉስ፣ አባባ? ተአምር ነው ስትል የነበረው?"

ጋሽ ውሃልክ ግራ ቀኝ አዩ። በግራ በኩል ሚስት፣ እርዷ ያለ ፈቃድ ስለተወሰደ። በቀኝ በኩል ልጅ፣ እንክብሏ ስለተጣለ። ሁለቱ ሴቶች ስለ መድኃኒት በአንድ ነገር ሲስማሙ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። "ሆዴን አቃጠለኝ" አሉ ቀስ ብለው። "እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

"ሆድ ካቃጠለህ ሌላ ይቀየርልሃላ! ሐኪም ያይሃላ! እርዱንስ ብትቀባው፣ ብትበላው ማን ከለከለህ? የደበቅከኝ ነው እንጂ..." ልጅቱ ንግግሯን ሳትጨርስ ቆመች። ዓይኗ ወለሉ ላይ ሄዷል።

ጋሽ ውሃልክም ወዴት እንደምታይ አወቁ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። የተሰለፉት ክቦች ክፍሉ መሃል ሲደርሱ ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ክብ አይደለም፤ የተጎተተ ነገር ነው። ሁለት ረጃጅም ቢጫ ሰረዞች፣ በጎንና በጎናቸው የመዳፍ ምልክት፣ ገና ያልተሞሉትን አራት ረድፎች አቋርጠው ባንኮኒው ሥር ይደርሳሉ። ባንኮኒው ጠርዝ ላይ አራት የጣት አሻራ አለ።

ልጅቱ ሰረዙን በዓይኗ ሁለት ጊዜ ሄደችበት።

"እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?" አለች።

ጋሽ ውሃልክ ቀልድ ሊፈልጉ ሞከሩ። ከዚያ ደከማቸው። "መነሳት አቃተኝ" አሉ።

እትዬ ሙቀጫ ጠጋ ብለው ክንዳቸውን ያዙ። ልጅቱ ዓይኖቿ ሞሉ፤ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

"ቃል ገብተህልኛል" አለች። "ሌዘርን እጠራለሁ። ዛሬውኑ ይጨርሰዋል።"

ያኔ ጋሽ ውሃልክ ለሰው ያልተናገሩትን ነገር ተናገሩ። "አራት ረድፍ ነው የቀረው" አሉ። "እኔ በሰው ወለል ላይ ከካልሲ በቀር ቆሜ አላውቅም። ይሄኛው ያንቺ ነው ብዬ ነው። የኔ እጅ የጨረሰው ወለል ላይ በጫማዬ ልቆም ብዬ ነው። ሌዘር ከጨረሰውማ እንግዳ ሆኜ መግባቴ ነው። አውቃለሁ፣ ጉልበቴ አልቋል። ግን አራት ረድፍ ነው።"

ልጅቱ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው። ነጭ ጋዋኗን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ለደንበኞች የተገዛችውን ወንበር ከተጠቀለለችበት ፈትታ ረድፉ አጠገብ አቆመች።

"ተቀመጥ" አለች። "እጅህ እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?"

"አንቺ? ያቺ መሙያ እጅሽን..."

"አባባ፣ ምን ላድርግ?"

ተቀመጡ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥራ ማየት ለሳቸው ቅጣት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሊነሱ ሞክረው ሁለቴም እትዬ ሙቀጫ ከኋላ ትከሻቸውን ይዘው መለሷቸው። እትዬ ሙቀጫ ክቦቹንና ሰረዞቹን በጨርቅና በአልኮል ጠረጉ፤ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ግን ፈዘዘ። ልጅቱ ተንበረከከች። መሙያውን ባልዲ ውስጥ ስትለውስ ግማሹን ሸሚዟ ላይ ረጨችው።

"አታጥብቂው" አሉ ጋሽ ውሃልክ። "የጥርስ ሳሙና መምሰል አለበት። አሁን በላስቲኩ ግፊው፣ በሰያፍ። ቀጥ ብለሽ ከጎተትሽው ያስገባሽውን መልሰሽ ታወጪዋለሽ። በሰያፍ አልኩሽ እኮ! ይሄ የሳል ሽሮፕ አይደለም፣ አትንቀጥቀጪ።"

"እንዲህ እያልክ ነው ሌዘርን ያስተማርከው?"

"ለሱማ ከዚህም እብስ ነበር።"

አንዱ ረድፍ አለቀ። ሁለተኛው ላይ ልጅቱ ማውራት አቆመች። ሦስተኛው ላይ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጉልበቷ መደገፍ ጀመረች፤ ጋሽ ውሃልክ ያን አዩ። ከዚያ ወዲያ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "እዚያች ጋ ትንሽ ጨምሪ... ጎበዝ... አሁን በስፖንጁ እፍ እንዳልሽ ያህል ጥረጊ።" አራተኛው ረድፍ ከበሩ ደፍ ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ወደ መስታወቱ አፈግፍጋለች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶባታል። ጋሽ ውሃልክ ብቻቸውን ቢሆኑ፣ በደህናው ዘመናቸው፣ ሃያ ደቂቃ ነው።

ልጅቱ ላስቲኩን ጣለችና ልትነሳ አለች። አልተነሳችም። አንድ እግሯን አስቀደመች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ተመልሳ ተንበረከከች። እንደዚያው እንዳለች፣ እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ሆኖ፣ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው።

"አባባ፣ አንተ ይሄን ሠላሳ አራት ዓመት?"

ጋሽ ውሃልክ ከወንበሩ ወደ ፊት ጠጋ አሉና እጃቸውን ዘረጉላት። ያዘችው፤ ሳቧት፤ ተነሳች። ከቆመች በኋላም እጃቸውን አልለቀቀችም፤ እሳቸውም እጇን ተደግፈው፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ወለሉ ላይ ቆሙ።